ቀድሞ ደራሹ ጎረቤት ነው፦ የመሬት መንሸራተት፣ የነፍስ አድን ሥራ እና የማኅበረሰብ ዝግጁነት

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም ከባድ ዝናብን ተከትሎ ተራራው ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጩኸት የሰማ የአካባቢው ነዋሪ አካፋና ዶማ ይዞ፣ መሣሪያ ያላገኘው ደግሞ በባዶ እጁ ወገኖቹን ለማውጣት ተሯሯጠ። በማግስቱ ሐምሌ 15 ቀን ሰዎች በቁፋሮ ላይ ሳሉ ከበላያቸው የነበረው ቁልቁለት ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። በአደጋው ከ220 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ከሟቾቹ መካከል ለእርዳታ ፈጥነው የደረሱ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና እና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ኀዘን አወጀ።

ይህ አደጋ አንድ መሠረታዊ እውነት አሳይቷል። በገጠርም ሆነ በከተማ፣ አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕይወት የሚያድነው ከሩቅ የሚመጣ ቡድን ሳይሆን ጎረቤት ነው። በመሆኑም የአደጋ መከላከል መርሐ ግብሮች ፍሬያማነት የሚለካው ይህ ጎረቤት ለመርዳት ሲሮጥ ራሱን የሚጠብቅበት እውቀት አስቀድሞ ደርሶት እንደሆነ ነው።

የአደጋ መከላከል መዋቅሩ

በአገራችን አደጋን የሚመለከት ቋሚ ተቋም የተመሠረተው የወሎን ድርቅ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም ሲሆን፣ ይኸውም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ዛሬ ኃላፊነቱን የያዘው የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ነው። የስም ለውጡ የአሠራር ለውጥንም ያመለክታል፤ ትኩረቱ አደጋ ከደረሰ በኋላ እህል ከማከፋፈል፣ ስጋቱን አስቀድሞ ወደ ማወቅና ወደ መቀነስ እንዲሸጋገር ታስቧል። ክልሎች፣ ዞኖች እና ወረዳዎችም ይህንኑ ሥራ የሚያከናውኑ ቢሮዎችና ጽሕፈት ቤቶች አሏቸው።

በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በበጎ ፈቃደኞቹ እና በአምቡላንሶቹ የዚህ ሥራ ዋና አጋር ነው። የማኅበሩ የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ሲሆን፣ የፖሊስ ደግሞ 991 ነው። በየቀበሌው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እና የግብርና ልማት ሠራተኞችም ለአርሶ አደሩ ቅርብ የሆኑ የመንግሥት ባለሙያዎች ናቸው። በጎፋ ከሞቱት መካከል የሙያ አጋሮቻቸው መኖራቸው፣ የማስጠንቀቂያ እና የነፍስ አድን ሥልጠና ከእነርሱ መጀመር እንዳለበት ያስገነዝባል።

መሬት ለምን ይንሸራተታል?

ቁልቁለት ላይ ያለ አፈር ባለበት የሚቆመው እርስ በርሱ ስለተያያዘ ነው። ዝናብ ለቀናት ሲጥል ውኃው ወደ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን ያከብደዋል፣ መያያዣውንም ያላላል። ከሥር ጠንካራ ዐለት ካለ ውኃው በዚያ ላይ ስለሚጠራቀም፣ ከላይ ያለው አፈር እንደ ቅቤ ቁልቁል ይንሸራተታል።

ዛፍ ከተመነጠረ አፈሩን የሚይዘው ሥር ይጠፋል። ለቤት ወይም ለመንገድ ሲባል የተራራው ግርጌ ሲቆረጥ ደግሞ ላይኛው ክፍል ድጋፍ ያጣል። በሌላ በኩል የውኃ ማፋሰሻ ቦይ መሥራትና ተዳፋት መሬትን በዛፍ መሸፈን ስጋቱን ይቀንሳል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚከናወኑ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራዎችም ከምርት ባሻገር ለደኅንነት ይጠቅማሉ። ይሁንና በጣም በተዳፋ መሬት ላይ ውኃ የሚያቁር እርከን አፈሩን ይበልጥ ሊያከብደው ስለሚችል፣ የእርከኑ ዓይነት በባለሙያ መመረጥ ይኖርበታል።

ምልክቶቹ

ተራራ ብዙውን ጊዜ ከመናዱ በፊት ምልክት ያሳያል። ነዋሪዎች በተለይ በክረምት ወራት የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባቸዋል፦

• በማሳ፣ በግጦሽ መሬት ወይም በመንገድ ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየቱና በየዕለቱ መስፋቱ፤
• ዛፎች፣ አጥሮች ወይም የመብራት ምሰሶዎች ማዘንበላቸው፤
• የቤት ግድግዳ መሰንጠቁ፣ በር እና መስኮት አልዘጋ ማለታቸው፤
• የምንጭ ውኃ በድንገት መደፍረሱ፣ መድረቁ ወይም በአዲስ ቦታ መፍለቁ፤
• ትንንሽ ድንጋዮች ደጋግመው መንከባለላቸው፣ ከመሬት ውስጥ የጉርምርምታ ድምፅ መሰማቱ።

ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ለቀበሌው ማሳወቅ አለበት። ስንጥቁ እየሰፋ ከሆነ ወይም ድምፅ ከተሰማ ግን ውሳኔ መጠበቅ አይገባም፤ ቤተሰብን ይዞ ከቁልቁለቱ ግርጌ ወደ ጎን መራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ናዳ

የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ ገደል የሆነ፣ ድጋፍ ያጣ አፈር ትቶ ይሄዳል። ውኃው አሁንም እየሰረገ ነው። ከታች የወረደው ክምር ለጊዜው ላይኛውን ደግፎት ሊሆን ስለሚችል፣ እርሱን መቆፈር ድጋፉን ማንሳት ይሆናል። ስለዚህ የነፍስ አድን ሥራ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ያስፈልጉታል፦

• ከቁፋሮ በፊት ከናዳው ውጭ፣ ላይኛውን ቁልቁለት በሚያሳይ ቦታ ጠባቂ ይቁም። ጡሩምባ ወይም ፊሽካ ይያዝ፤ ድምፁ ሲሰማ ሁሉም ሥራውን ጥሎ አስቀድሞ በተመረጠው መውጫ ይውጣ።
• ወደ ናዳው የሚገቡት ጥቂት ቆፋሪዎች ብቻ ይሁኑ፤ በየተራም ይተካኩ። ሌላው ሕዝብ፣ በተለይም ሕፃናት፣ ከተዳፋቱ ይራቁ።
• የጠፉ ሰዎች ስም እና የነበሩበት ቦታ ይመዝገብ። ቁፋሮው በዚያ ላይ ካተኮረ ጊዜም ሕይወትም ይተርፋል።
• በየመካከሉ ሁሉም ዝም ብሎ የተቀበረ ሰው ድምፅ ያዳምጥ። ወደ ሰው ሲቀረብ ዶማ ቀርቶ በእጅ ይቆፈር።
• ዝናቡ ከቀጠለ ወይም ላይኛው ስንጥቅ እየሰፋ ከሆነ ሥራው ይቁም። ይህ ለቤተሰብ እጅግ መራራ ውሳኔ ስለሆነ፣ ማን እንደሚወስነው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ተቆፍሮ የወጣ ሰው በቅድሚያ ከአፍና ከአፍንጫው ጭቃ ይጠረግለት፤ የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ ብርድ እንዳያገኘው ይሸፈን። እግሩ ወይም ጭኑ ለሰዓታት ተጭኖ የቆየ ሰው ጤነኛ ቢመስልም በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መድረስ ይኖርበታል፤ የተጨፈለቀ ጡንቻ የሚለቀው መርዝ ኩላሊትንና ልብን ይጎዳልና።

አስቀድሞ መውጣት

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም በአፋር ክልል አዋሽ ፈንታሌ እና አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከስጋት ቀጣናው እንዲወጡ ተደርጓል። ቤትና ንብረት ቢጎዳም ሰዎች አስቀድመው መነሣታቸው የሕይወት ጉዳቱን ቀንሷል።

ለከተማ ነዋሪዎች ደግሞ የድሬዳዋ ጎርፍ ማስታወሻ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጎርፉን ያመጣው በላይኛው ደጋ የጣለው ዝናብ ነበር። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ተፋሰስ ወሬም መከታተል አለበት። ከደጋው የሚደወል አንድ ስልክ ለቆላው ውድ ደቂቃዎችን ያተርፋል።

ቀበሌው ከክረምት በፊት

ዝግጅቱ ከፍተኛ ገንዘብ አይጠይቅም። ስጋት ያለባቸው ቤቶች ዝርዝር፣ የመውጫ መንገድና የመሰብሰቢያ ቦታ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ቃሬዛ፣ የእጅ ባትሪ እና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን በቂ መነሻ ናቸው። ድንኳንና አባላትን የማሰባሰብ ልማድ ያላቸው ዕድሮች ይህንን ኃላፊነት ለመሸከም የተመቹ ናቸው። ወረዳው ደግሞ ሥልጠናውን፣ የአየር ትንበያውን እና ከተዳፋት ለሚነሡ ቤተሰቦች ምትክ ቦታውን ሊያቀርብ ይገባል፤ መሄጃ የሌለው አርሶ አደር ማስጠንቀቂያውን ቢሰማም ከማሳው አይርቅምና።

ለጎረቤት መድረስ ነባር ባህላችን ነው። የጎፋ ሟቾች ያንን ባህል ጠብቀው አልፈዋል። ከእነርሱ የተረፈው አደራ፣ ነገ የሚሮጠው ደራሽ ተመልሶ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማዘጋጀት ነው።