የተቆፈረው አስፋልት፦ የአዲስ አበባ የውሃ መስመር ጥገና ታሪክ ከመሳለሚያ ሲታይ



ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በመሳለሚያ በኩል ሳልፍ ከአንድ የተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ ቆምሁ። የአንድ ተቋራጭ ሠራተኞች የሆኑ ወጣቶች የፈነዳ የውሃ መስመር ለመጠገን አስፋልቱን ሰብረው ገብተዋል። በጉድጓዱ ውስጥ ሦስት ቧንቧዎች ይታዩ ነበር፤ ከታች ዝገት የበላው ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ከእሱ በላይ ቀጠን ያለ ጋልቫናይዝድ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ። ሥራውን የሚመራውን ወጣት «አሁን ውሃ የሚሄድበት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱን ስንቆርጠው እናውቃለን፣ ጋሼ» አለኝ።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ መልስ ነው። አንድ ከተማ ከእግሩ በታች ያለውን ነገር ሳይቆርጥ የማያውቅበት ደረጃ ላይ እንዴት ይደርሳል?

የአዲስ አበባን የውሃ ታሪክ ስናስተምር የምንጀምረው ከምረቃ ነው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንዳስገባ እንናገራለን። ቀጥለን ገፈርሳ እንደተገደበ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያጣራ ጣቢያ እንደተሠራለት እንጠቅሳለን። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963 ዓ.ም. መቋቋሙን፣ ለገዳዲ በዚያው ዘመን መገንባቱን፣ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መከተሉን ጨምረን ምዕራፉን እንዘጋለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ግድብ አንድ ጊዜ ይመረቃል፤ ቧንቧ ግን በየቀኑ ይጠገናል። ስለ ጥገናው የጻፍነው ምን አለ?

መሳለሚያ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ሰው ቆሞ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምበት ሥፍራ ነበር። የጣልያን ወራሪዎች የከተማዋን ዋና ገበያ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ አዙረው ዛሬ መርካቶ የምንለውን «የአገሬው ሰው ገበያ» ሲያቋቁሙ፣ መሳለሚያ የገበያው ምዕራባዊ ጠርዝ ሆነ። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ከ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የገፈርሳ ውሃ በራሱ ክብደት እየወረደ የሚያጠጣው ይህንኑ ወገን ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው ሰፋ፤ እህልና ሸቀጥ የጫኑ ከባድ መኪናዎች በጠባብ መንገዶች ላይ መመላለስ ጀመሩ፤ ጓዳና ሱቅ በመስመሩ ላይ ተሠራ። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀበረ ቧንቧ የመጋዘን ሰፈር ሸክም ተሸከመ።

የፈረቃ አቅርቦትም ሌላ ጉዳት አለው። ውሃው ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ በተሰነጠቀበት በኩል ከዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ የታመቀው አየር መጋጠሚያዎቹን ይመታል። ስለዚህ ትላንት የተጠገነው ቦታ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ደካማ መጋጠሚያ ነገ ይፈነዳል። ከሚመረተው ውሃ ሢሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ገቢ ሳያስገኝ እንደሚቀር በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ከፊሉ የቆጣሪና የሕገ ወጥ ቅጥያ ጉዳይ ነው፤ ብዙው ግን መሬት ውስጥ ይሰርጋል።

ለጥገና ታሪክ የጽሑፍ መዝገብ ካነሰ ሌላ መዝገብ መፈለግ አለብን። አንደኛው ቋንቋ ነው። የመርካቶ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ዛሬም ጎሚቶ፣ ማኒኮቶ፣ ሳራቺኔስካ ይላል። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦ ነው። እነዚህ የጣልያንኛ ቃላት በጉድጓድ ውስጥ ካቦ ለረዳቱ፣ ረዳቱም በተራው ለሌላ ረዳት ያወረሳቸው ናቸው። ሁለተኛው መዝገብ የሰው ትውስታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሳለሚያና በኮልፌ መካከል ዕድሜውን በጥገና የጨረሰ አንድ ጡረተኛ ካቦ አነጋግሬ ነበር። የመዝጊያዎቹን ቦታ የሚያስታውሰው በካርታ አልነበረም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ሰባት እርምጃ፣ ከዋርካዋ ፊት ለፊት» እያለ ነበር የሚቆጥርልኝ። ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል፤ ዋርካዋም ተቆርጣለች። ካቦውም አምና ዐርፏል።

በካቦው ቦታ ቀስ በቀስ ተቋራጮችና በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች መጡ። በዚህ ላይ የራሴን በደል ልናገር። በእናቴ ደጃፍ የሚያልፈውን መስመር አንድ ተቋራጭ ቀየረው። በሁለተኛው ዓመት ከአጥሩ ሥር ያለው መጋጠሚያ ማፍሰስ ጀመረ፤ ውሃው ሳይታይ ወደ መሠረቱ ሰርጎ የጭቃ ግድግዳዋን አንድ ጎን ጣለው። ብንጠይቅ የዋስትናው ጊዜ አልፏል ተባልን። በእጅጉ ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ግን ሰውየውን አግኝቼ ስንነጋገር ክፍያው የተቆፈረ ሜትር፣ የተዘረጋ ሜትርና የተመለሰ አስፋልት ተለክቶ እንደነበር አስረዳኝ። ከሥር ያለውን አሮጌ መስመር የሚያሳይ ንድፍ የሰጠው አልነበረም። እሱም ያገኘውን ለማንም አላስመዘገበም፤ መዝግብ ያለው አልነበረምና። ጥፋቱ የለበትም አልልም። ነገር ግን ለሜትር የከፈልነው ሰው ሜትር ሰጠን፤ ለዕውቀቱ የከፈለ አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ97 የሮማ ውሃ ሹም ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቀደም ሲል የውሃ መስመሮቹ ጥገና ለተቋራጮች ይሰጥ እንደነበር፣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ሠራተኞች የማቆም ግዴታም እንደተጣለባቸው ይነግረናል። በእሱ ዘመን የመንግሥቱ ቋሚ የጥገና ሠራተኞች 240፣ የንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ 460 ነበሩ። ፍሮንቲኑስ ግን ሠራተኞቹን ቆጥሮ ብቻ አልተወም። የእያንዳንዱን መስመር መነሻ፣ ርዝመትና መጠን አስመዘገበ፤ በሥዕልም አስነደፈ። ያደረገበትንም ምክንያት አልሸሸገም፤ ሹሙ በበታቾቹ ዕውቀት ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም ብሎ ያምን ነበር። ከዚህ የምማረው ጥገናን ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ መሆኑን ነው። ቋሚ ሠራተኛም ይሁን ተቋራጭ፣ አንደኛው ጥያቄ ያየው ነገር የት ይመዘገባል የሚለው ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከተማችን ዛሬ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ በስፋት እየተቆፈረች ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚከፈት መዝገብ ቤት ነው፤ አስፋልት ሲለብስ ለሌላ 30 ዓመት ይዘጋል። በሕይወት ያሉት ካቦዎችም በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ስለዚህ በዚህ ዓመት የማስተርስ ጽሑፋችሁን የምትመርጡ ሁሉ ከምረቃ ፎቶግራፎች ፊታችሁን ትንሽ መልሱ። መቅረጫ ይዛችሁ ወደ ጡረተኞቹ ቤት ሂዱ፤ ከተቋራጮቹ ጋር ጉድጓድ አፍ ላይ ቁሙ፤ ያያችሁትን ከነጥልቀቱና ከነቦታው ጻፉ።

ያ ወጣት በመጨረሻ የቆረጠው መካከለኛውን ቧንቧ ነበር። ደረቅ ነበር። ወደ ታችኛው ሲዞር «ይኼንን ጻፈው» አልሁት። ብዕር አልነበረውምና የእኔን ሰጠሁት።