አልፈታ ያለው ሴንሰር

አሮጌ ኮሮላ ሥር ተንጋሎ ከአንዲት ትንሽ ብረት ጋር የሚታገል መካኒክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘይት ይረጫል፣ ይጠብቃል፣ 22 ቁልፍ አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትታል። ብረቷ ፍንክች አትልም። ደግሞ በመዶሻ መታ መታ ያደርጋታል። ከብዙ ላብ በኋላ የሚወጣው ዕቃ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ጅራቱ ሽቦ፣ ጫፉ በጥላሸት የጠቆረ ነገር ነው። ኦክስጅን ሴንሰር ይባላል።

መካኒኩን ብትጠይቁት «ዝጎ ነው» ይላችኋል። ልክ ነው። ግን መኪናው ላይ ስንት ቡሎን እያለ ይሄኛው ለምን እንዲህ ያስቸግራል? መልሱን ለማግኘት ከመኪናው ሥር ወጥተን መጀመሪያ ወደ አንድ መብራት መሄድ አለብን። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1890ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ፣ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኬሚስት ቫልተር ኔርንስት የተሻለ አምፖል ለመሥራት ይሞክር ነበር። የዚያን ጊዜ አምፖሎች የከሰል ክር ነበራቸው፤ ክሩ እንዳይቃጠል ደግሞ አየሩ ከአምፖሉ ተመጥጦ መውጣት ነበረበት። ኔርንስት ክሩን ትቶ ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ ቀጭን ዘንግ ሠራ፤ ትንሽ የኢትሪየም ኦክሳይድም ቀላቀለበት። ይህ ዘንግ አየር ላይ እንዳለ ቦግ ብሎ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፦ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መብራቱን ለማብራት መጀመሪያ ዘንጉን በእሳት ማሞቅ ያስፈልግ ነበር! መብራት ለማብራት ክብሪት መጫር ማለት ነው። ይህችን ጠባዩን ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የኔርንስት መብራቶች ለሕዝብ ታዩ። ብዙም ሳይቆይ ግን የተንግስተን ክር ያለው አምፖል መጣና ከገበያ አስወጣቸው። ቁም ነገሩ የቀረው በዘንጉ ውስጥ የሚያልፈው ነገር ላይ ነው። በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። በትኩስ ዚርኮኒያ ውስጥ ግን የሚጓዙት የኦክስጅን አዮኖች ናቸው፤ ጠጣር ድንጋይ ውስጥ ኦክስጅን ይሄዳል ማለት ነው። እንዴት እንደሚሄድ በ1943 ካርል ቫግነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ አስረዳ። ሚኒባስ ግጥም ብሎ ሲሞላ ማንም ከቦታው መንቀሳቀስ አይችልም፤ አንድ ወንበር ባዶ ከሆነ ግን አንዱ ይጠጋል፣ እሱ የለቀቀውን ሌላው ይይዛል። ኢትሪየሙ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ በሴራሚኩ ውስጥ ባዶ የኦክስጅን ወንበሮች ይፈጥራል። ሙቀት ሲጨመር አዮኖቹ ከወንበር ወንበር ይዘላሉ።

በዚያው በ1943 ሐምሌ ወር፣ በጦርነቱ መሀል፣ ሎስ አንጀለስ ዓይን በሚያቃጥል ጭጋግ ተዋጠች። ጃፓን የኬሚካል ጥቃት ሰነዘረች ብለው የጠረጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት የአናናስን ጣዕም ሲያጠና የነበረው ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ምስጢሩን ፈታው፦ በአብዛኛው ከመኪና የሚወጣው ጭስ በፀሐይ ብርሃን እየተለወጠ ሳንባ የሚጎዳ ኦዞን ይፈጥራል። በ1970 የአሜሪካ ኮንግረስ ያጸደቀው ሕግ የመኪና ፋብሪካዎች ዋና ዋናዎቹን በካይ ጋዞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ።

ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከሞተር የሚወጡት መርዞች ሦስት ዓይነት ናቸው። ሁለቱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ኦክስጅን ሊጨመርላቸው ይገባል። ሦስተኛው፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ በተቃራኒው ኦክስጅኑ ሊወሰድበት ይገባል። አንድ ካታሊስት ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ሲገባ ብቻ ነው። ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ካለ አንደኛው ወገን ያመልጣል። ካርቡራተር ደግሞ ይህን ያህል ጥንቃቄ አያውቅም። ስለዚህ ጭሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ኦክስጅን ተርፏል፣ አልተረፈም» የሚል ምስክር ያስፈልግ ነበር።

ምስክሩ የኔርንስት ሴራሚክ ሆነ። ቦሽ የሠራው ሴንሰር በውስጡ ጣት የምታህል፣ መሀሏ ባዶ የሆነች የዚርኮኒያ ቁራጭ አለችው፤ ውስጧም ውጭዋም በስስ ፕላቲነም ተለብጧል። ውስጧን ንጹሕ አየር ይነካታል፣ ውጭዋን ጭስ። የሁለቱ የኦክስጅን መጠን ሲለያይ አዮኖቹ ብዙ ካለበት ወደሌለበት ይገፋሉ፤ ያ ግፊት ቮልት ይሆናል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1። ቮልቱ የሚሰላው ራሱ ኔርንስት በ1889 ባወጣው ቀመር መሆኑ በጣም ደስ ይለኛል። ሰውየው መኪና ወዳድ ነበር፤ ግን የእሱ ዘንግ አንድ ቀን መኪና ውስጥ እንደሚገባ በምን ያውቃል?

በ1976 ቮልቮ ሴንሰሩን ካሊፎርኒያ በሚሸጣቸው መኪኖች ላይ ገጠመ። ኮራበትም፤ «ላምዳ ሶንድ» የሚል ምልክት መኪናው ፊት ላይ ለጠፈ።

አሁን ወደዚያች ጠባይ እንመለስ። ሴራሚኩ ሳይሞቅ አይሠራም ብያችኋለሁ። ሴንሰሩ ቢያንስ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የራሳቸው ማሞቂያ አልነበራቸውም። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ጭሱ እጅግ የሚፋጅበት ቦታ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ተከሉት። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር በ1982 መጣ፤ ያም ቢሆን የፊተኛው ሴንሰር ዛሬም ከእሳቱ ብዙ አልራቀም። እንግዲህ ብረቱ በየቀኑ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። በጥርሱ መሀል የሚፈጠረው ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል። ሴንሰሩን እንዲሠራ የሚያደርገው ሙቀት እንዳይፈታ የሚያደርገውም እሱው ነው።

«ታዲያ ነቅለን ብንተወውስ?» የሚል አይጠፋም። በተለይ አዲስ አበባ ላይ መጥፎ ሐሳብ ይመስለኛል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ሴንሰሩ ከሌለ ኮምፒውተሩ ስህተቱን የሚያርምበት መንገድ የለውም፤ ቤንዚን ከበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካታሊስቱም ከመጠን በላይ ግሎ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የግል መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ ታክሲ ተራ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ መካኒኩ። የሚያውቅበት ሰው ሞተሩን ትንሽ አስነስቶ ያጠፋል፤ ለብ ያለ ብረት ስለሚሰፋ ጥርሱ ይላላል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቶ ታግሦ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ። አሮጌው የሚጣል ከሆነ ሽቦውን ቆርጦ ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ ያስገባል፤ አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ ጠርዙን ይልጠዋል። ትንሽ ሲፈታ ደግሞ መልሶ ያጠብቃል፣ እንደገና ይፈታል፤ በአንድ ትንፋሽ ከጎተተው ጥርሱ ተልጦ ሊወጣ ይችላል።

አዲሱ ሲገባ እንዳይጣበቅ የሚደረገው ቅባት ጥርሱን እንጂ ጫፉን መንካት የለበትም። ሽቦውንም በእርሳስ አለመበየድ ነው። ብዙ ሴንሰሮች ንጹሑን አየር የሚስቡት በሽቦው ውስጥ ስለሆነ ብየዳው ያፍናቸዋል። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ ይጠብቃል። ሞተሩ ሲነሳ ሴንሰሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ለጊዜው አይሰማውም። ሲግል ቮልቱ ከ0.1 ወደ 0.9፣ ከ0.9 ወደ 0.1 መመላለስ ይጀምራል።