ማር ይዞ በአውሮፕላን መጓዝ

ከአገር ቤት የሚመለስ ሰው ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ማር አያጣም። ከሦስቱ ብዙ ጥያቄ የሚያስነሳው ማሩ ነው። ለወዳጆቼ በስልክ ደጋግሜ የምመልሰውን እዚህ ላይ በአጭሩ ላስቀምጠው።

በእጅ ሻንጣ፦ በአየር ማረፊያ ፍተሻ ማር የሚቆጠረው እንደ ፈሳሽ ነው። ረግቶ በማንኪያ የሚቆረስ ቢሆን እንኳ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ አገሮች በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት። ይህም ለማር 140 ግራም ያህል ነው። ዕቃው ትልቅ ከሆነ ግማሽ ድረስ ብቻ ቢሞላም አያልፍም። አንዳንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያዎች አዳዲስ መፈተሻዎች ተክለው ገደቡን አላልተዋል፤ ሆኖም መንገድ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው በሚቀጥለው ፍተሻ ሊወሰድበት ይችላል። እናት አጣርታ የላከችው ማር ቆሻሻ መጣያ ሲገባ ማየት ያማል።

በሚጫን ሻንጣ፦ እዚህ የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ የለም፤ የሚቆጠረው ኪሎው ነው። እኔ ከጠርሙስ ይልቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ እመርጣለሁ። እስከ አፉ አልሞላውም፤ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ በሁለት ፌስታል እቋጥረዋለሁ።

አገር ስንገባ፦ አሜሪካ ለግል የሚሆን ማር ይገባል፤ ነገር ግን ምግብ ይዛችሁ እንደሆነ ስትጠየቁ መናገር ግዴታ ነው። መደበቅ በገንዘብ ያስቀጣል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለአንድ ሰው የሚፈቀደው እስከ 2 ኪሎ ነው። ወደ ኒውዚላንድ ግን የኢትዮጵያን ማር ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ስያሜ የሌለው ዕቃ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከጃማይካ ሦስት ጠርሙስ ማር ይዞ ባልቲሞር የገባ አንድ መንገደኛ አደገኛ ዕፅ ይዘሃል ተብሎ ታሰረ። ላብራቶሪ ዕፅ እንደሌለበት ቢያረጋግጥም፣ የተፈታው ከ82 ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ አይደርስም። ቢሆንም በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ ማር ከመያዝ፣ ከሱቅ የታሸገና ስያሜ የተለጠፈበት መግዛት ይሻላል።

የሰው አደራ ከሆነ ደግሞ ሳታፍሩ ከፍታችሁ እዩት። ላኪውም ቅር ሊለው አይገባም፤ ፍተሻው ላይ ቆሞ መልስ የሚሰጠው ተሸካሚው ነውና።