ነሐሴ 10 እና የዘፋኞች ሒሳብ

የዘፈን ታሪክ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የዘፋኙን ድምፅ፣ ቢበዛም የሸክላውን ስም ነው። ቀን መቁጠር የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው እየተባለ ይቀለድብናል። ይሁን፤ ዛሬ የምንቆጥረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ነሐሴ 10፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 16 ነው። በእኛ አገር በፍልሰታ ጾም መካከል የሚውል፣ ዘፈን ረገብ የሚልበት ቀን። በአሜሪካ ግን በተለያየ ዘመን ሦስት ታላላቅ ዘፋኞች በዚህ ቀን ሞተዋል፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንድ ድራም መቺ ከሥራው ተባሯል። አራቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ጥያቄ አፍጥጦ ይመጣል፦ የዘፈነውስ ዘፈነ፤ የበላው ማን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ለብቻው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1938 እንጀምር። ሮበርት ጆንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች በሚሲሲፒ፣ ግሪንውድ ከተማ አጠገብ፣ በጥጥ እርሻ አገር ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። ተመርዞ ነው ይባላል። በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ ግን የሞቱ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ የሰፈረው ሐኪም እንዳልነበረ ብቻ ነው። የት እንደ ተቀበረ እንኳ ሲያከራክር ኖሮ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሐውልት ቆሞለታል። በሕይወቱ ሳለ ሸክላ ያስቀረጸው ሁለት ጊዜ ነው፤ በ1936 በሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 በዳላስ። በጠቅላላው 29 ዘፈን።

መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠና ጊታር ተማረ የሚለውን ተረት ብዙዎቻችን ሰምተናል። ለሰይጣን ሸጠው የተባለውን ለተረት ነጋሪዎች እንተወው፤ እኛን የሚያስደንቀን ለሸክላ ኩባንያ የሸጠው ነው። በ1990 ዘፈኖቹ ተሰብስበው እንደገና ሲታተሙ ሽያጩ ከጊዜ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ውርሱም ፍርድ ቤት ሲያመላልስ ቆየ። በ2000 የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጠጠር መኪና ሾፌርነት የኖረ አንድ ሰው የጆንሰን ልጅና ወራሽ መሆኑን አጸናለት። አባትየው ከሞተ 62 ዓመት ሆኖት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ጆን ሐመንድ የሚባለውን የሙዚቃ ሰው ሳናስተዋውቅ አናልፍም፤ ኋላ ተመልሶ ይመጣልና። ሐመንድ በዚያው በ1938 ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ የሚያሳይ ትልቅ ዝግጅት ሲያሰናዳ ጆንሰንን አስፈለገ። ሰውዬው ሞቷል ተባለ። ሐመንድም ተስፋ አልቆረጠም፤ ሸክላውን መድረክ ላይ አጫወተው። ሰው በሌለበት ድምፁ ብቻ ተጨበጨበለት።

ወደ 1962 እንለፍ። በሊቨርፑል ከተማ የቢትልሶች ሥራ አስኪያጅ ብራያን ኤፕስታይን ድራም መቺውን ፒት ቤስትን ቢሮው ጠርቶ መሰናበቱን ነገረው። ቤስት ሁለት ዓመት ሙሉ አብሯቸው የደከመ ልጅ ነው። በቦታው ሪንጎ ስታር ገባ፤ ጓደኞቹ ዓለምን ሲያዳርሱ እሱ ቀርቶ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በ1995 የድሮ ቅጂዎች ተሰብስበው ሲወጡ እሱ የመታባቸው ዘፈኖች ስለነበሩበት ድርሻውን አገኘ። የእሱ እንኳ ከ33 ዓመት በኋላም ቢሆን መጣለት፤ ዳቦው በሕይወት ሳለ ደርሷል።

ሦስተኛው 1977 ነው። ኤልቪስ ፕሬስሊ በሜምፊስ፣ ግሬስላንድ በተባለው ቤቱ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ሆስፒታል ቢወሰድም አልተረፈም። ዕድሜው 42 ነበር። እሱም እንደ ጆንሰን የሚሲሲፒ ተወላጅ፣ የድሃ ልጅ ነው። ልቅሶው ግን ሌላ ነበር፦ በሩ ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር የሐዘን መግለጫ አወጡ። ለአንዱ ሐኪም ጠፋ፤ ለአንዱ አገር ተንቀሳቀሰ።

ታዲያ ኤልቪስን ዝም ብለን የበላ ነው ብለን እንዳንፈርድ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በ1954 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ የአርተር ክሩዳፕ ዘፈን ነው። ክሩዳፕ የሚሲሲፒ ጥቁር ሰው ነው፤ ድርሻዬን እያለ ሲከራከር ኖሮ የሚገባውን ሳያገኝ በ1974 ሞተ። ይህ በኤልቪስ ዘመን ላይ የተጻፈ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ግን፣ ኤልቪስ ራሱም ተበልቷል። በ1973 ሥራ አስኪያጁ ቶም ፓርከር እስከዚያ ከተቀረጹት ዘፈኖች ሽያጭ የሚመጣውን ድርሻ በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ለሸክላ ኩባንያው ሸጠ፤ ከገንዘቡም እኩሌታውን ለራሱ ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ዘፋኙ ሲሞት ዓለም እነዚያን ሸክላዎች ይሻማ ጀመር፤ ለልጁ ግን ከዚያ ሽያጭ የሚደርስ ድርሻ አልነበረም። ንጉሥ ተብሎም እንዲህ ነው።

የመጨረሻው 2018 ነው። አሬታ ፍራንክሊን በ76 ዓመቷ በዲትሮይት አረፈች። የተወለደችው ኤልቪስ በሞተባት በሜምፊስ ነው። ገና በ18 ዓመቷ፣ በ1960፣ ለኮሎምቢያ ኩባንያ ያስፈረማት ማን ይመስላችኋል? ያው ጆን ሐመንድ ነው። ጆንሰንን ፈልጎ በሕይወት ያጣው ሰው እሷን በሕይወቷ ደረሰባት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1961፣ ያው ኩባንያ የጆንሰንን ዘፈኖች በትልቅ ሸክላ አሳተመ፤ የእንግሊዝ ጊታር ተጫዋቾችም ጆንሰንን በብዛት ያወቁት በዚያ ነው።

አሬታ ከሁሉም የተማረች ትመስለናለች። ሒሳቧን በጥሬ ገንዘብ ካልተቀበለች መድረክ አትወጣም ነበር፤ ቦርሳዋንም ይዛ ትወጣለች። በ2015 በፕሬዚዳንት ኦባማ ፊት ስትዘፍን እንኳ ቦርሳዋን ፒያኖው ላይ አስቀምጣ ነው። ይስቁባት ነበር። እኛ አንስቅም። በ1967 ዓለምን ያስነሣውን «ሪስፔክት» የተባለውን ዘፈን የደረሰው ኦቲስ ሬዲንግ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሬዲዮ ዘፈን ባሰማ ቁጥር የሚከፈለው ለደራሲው ወገን እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። ስለ አክብሮት የዘፈነችው ሴት ያ ዘፈን በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሲደመጥ ሳንቲም አላገኘችበትም ማለት ነው። ቦርሳዋን ያልያዘች ማን ይያዝ?

የክብር አዳራሽም አለ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ በ1986 የመጀመሪያዎቹን ሲመርጥ ኤልቪስንም ጆንሰንንም በአንድ ጊዜ አስገባቸው፤ በ1987 አሬታ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች። ክብሩ መልካም ነው፤ ክሩዳፕን ግን አያበላም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አይጠፋም። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስን እየዘፈነ ነው ያደገው፤ የኢትዮጵያ ኤልቪስ እስከ መባልም ደርሷል። በ2021 ሲሞት ሁላችንም ድምፁን አስታወስን። ከኋላው ሳክስፎን የነፋውን፣ ዜማውን ያቀናበረውን ግን ስንቶቻችን በስም እንጠራለን? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው እንደ እኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ሸክላዎች ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ስለዚህ በሚመጣው ነሐሴ 10 ከጾሙ ጋር አንድ ነገር እናድርግ። የምንወደውን የድሮ ዘፈን እናንሣና ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ የተጫወቱትስ እነማን ናቸው ብለን እንጠይቅ፤ በሕይወት ያሉትንም ፈልገን ስማቸውን እንጻፍ። ሐመንድ ጆንሰንን የፈለገው ጥቂት ወራት ዘግይቶ ነበር። እኛ ብዙዎቹን ዘግይተንባቸዋል፤ የቀሩት ግን አሉ።