የጫጩት ባዶ አንጀትና የፊንላንዱ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በፊንላንድ የሥጋ ዶሮ እርባታዎች ሳልሞኔላ ኢንፋንቲስ የተባለው ባክቴሪያ ተዛመተ። መነሻውም የተበከለ የመኖ ጥሬ ዕቃ ነበር። ይህ ባክቴሪያ በዶሮዎች ላይ እምብዛም የሕመም ምልክት ስለማያሳይ፣ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሥጋውን በሚመገበው ሰው ላይ ነው።

በዘመኑ የተለመደው ዘዴ ባክቴሪያውን ማሳደድ ነበር፤ መኖን ማጥራት፣ ቤትን ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት። ኤስኮ ኑርሚና ማሪታ ራንታላ ግን ወደ ዶሮዋ አንጀት ተመለከቱ። በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂት ባክቴሪያ የሚለከፍ ጫጩት፣ ጥቂት ሳምንታት ሲሞላው የሚቋቋመው ስለ ምን ነው? ከጤነኛ አውራ ዶሮዎች አንጀት የወሰዱትን ይዘት አዲስ ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ሰጡ፤ በኋላም ሳልሞኔላ ሲሰጧቸው አብዛኞቹ ሳይለከፉ ቀሩ። ውጤቱ በ1973 በ«ኔቸር» መጽሔት ታተመ።

ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው፤ ሆኖም ለማሰብ ድፍረት ይጠይቃል፤ የዶሮ አንጀት ይዘትን መድኃኒት ብሎ ማቅረብ ለማንም ባለሙያ የሚያኮራ አልነበረምና። በእናት ዶሮ ታቅፎ የሚፈለፈል ጫጩት ከእናቱ ኩስ ጋር ወዲያው ስለሚገናኝ፣ ጥቃቅን ተሕዋስያኑን ከእርሷ ይወርሳል። ይህ በኢትዮጵያ ገጠር ዛሬም የሚታይ ነው፤ እርግጥ እንደ ፈንግል ያሉ በሽታዎችም በዚያው መንገድ ሊተላለፉበት ይችላሉ። በማስፈልፈያ መሣሪያ የሚወጣው ጫጩት ግን እናቱን አያውቅም። ጥንዶቹ ዕውር አንጀቶቹ ሊሞሉ የሚችሉት በአጋጣሚ በደረሰው ተሕዋስ ነው። ጤናማዎቹ ቀድመው ከሰፈሩ ስፍራውንና ምግቡን ይይዛሉ፤ ሳልሞኔላን የሚጎዱ የቅባት አሲዶችም ያመነጫሉ። ሳልሞኔላ ቀድሞ ከገባ ግን የሠፈራው ሥርዓት ይዛባል። በኋላ በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ባክቴሪያው የአንጀቱን ግድግዳ ያስቆጣል፤ ከቁጣው የሚወጣውም ኦክስጅንና ናይትሬት ለራሱ ለሳልሞኔላ ሲጠቅም፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን ነባሮች ያመነምናል።

ግኝቱ በ1987 በፊንላንድ «ብሮይላክት» በሚል ስም ለገበያ ሲቀርብ፣ ክርክሩ ወደ ፈቃድ ሰጪዎች ዞረ። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ባክቴሪያ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ድብልቅ እንዴት ይፈቀዳል? በ1998 አሜሪካ የፈቀደችው «ፕሪኤምፕት» 29 ባክቴሪያዎችን የያዘ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ተለይተው የታወቁት ድብልቆች ካልተለዩት ይልቅ ደካማ ሆነው የተገኙባቸው ሙከራዎች ብዙ ናቸው።

ድብልቁ በማስፈልፈያው ውስጥ በጫጩቶቹ ላይ ይረጫል፤ ጠብታውን አንዱ ከሌላው ላባ ላይ እየለቀመ ይውጠዋል። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት በዚያው ሰዓት ከተሰጠ ግን ነባሮቹም አብረው ስለሚሞቱ፣ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።