ስለ አካል ጕዳት ካሣ፤ ልማድና የተጻፈ ሕግ በኢትዮጵያ

ሰው በሰው አካል ላይ ያደረሰው ጕዳት በምን ይካሣል ለሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት መልስ ሲሰጥ ኖሯል፤ አንደኛው የልማድ፥ ሁለተኛው የተጻፈው ሕግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩና በየት እንደሚገናኙ ማመልከት ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ምሳሌ የልማዱን መሠረት ይገልጣል። በልማድ ዘንድ ጕዳቱ የተጐጂው ብቻ ሳይሆን የወገኑ ሁሉ ነውና፥ ካሣ ሳይከፈል ከቀረ ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች የሚያስከፍሉት የደም ካሣ የመጀመሪያ ግቡ ደም ማድረቅ፥ ማለት በቀልን መቍረጥ ነው። ኦሮሞዎች ይህን ካሣ ጉማ ይሉታል። ሶማሌዎች ማግ፥ ወይም በዐረብኛው ቃል ዲያ ይሉታል፤ ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፥ ለሴት 50 ግመል መሆኑም በልማዳቸው የታወቀ ነው። ለቍስል የሚከፈለው እንደ ጕዳቱ መጠን ከዚህ ያንሳል። ከፋዩም ጐጂው ብቻ ሳይሆን፥ ካሣን በአንድነት ለመክፈልና ለመቀበል የተዋዋለው የዘመዶቹ ማኅበር ነው።

በመንግሥቱ ችሎትም ቢሆን በጥንቱ ሥርዓት ሞት የተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል።

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ነገር በሌላ መልክ አቆመው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ኀላፊነትን በሦስት ይከፍላል። የመጀመሪያው ከጥፋት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ሲሆን፥ የእንስሳ ባለቤት ከብቱ ስላደረሰው ጕዳት፥ የቤት ባለቤት ሕንፃው ስላደረሰው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ስላደረሰው የሚጠየቅበት ነው። ሦስተኛው ስለ ሌላ ሰው መጠየቅ ነው፤ አባት ስለ ልጁ፥ አሠሪ ስለ ሠራተኛው እንደሚጠየቅ ያለ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለልማዱ የሚቀርበው ቍጥር 2067 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት በሥራው የሌላውን ሰው አካል የጐዳ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ ነው፤ ነጻ የሚወጣው ሥራው በሕግ የታዘዘ፥ ወይም ራሱን ለመከላከል የተደረገ፥ ወይም ጕዳቱ ከተጐጂው በራሱ ጥፋት ብቻ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ልማዱም በብዙ ስፍራ ከልብ ሐሳብ ይልቅ የፈሰሰውን ደም ይመለከታል።

የሚለያዩት ካሣው ለማን ነው በሚለው ላይ ነው። በሕጉ የካሣው ልክ የጕዳቱ ልክ ነው፤ ይኸውም የሕክምና ወጪና የቀረ ገቢ ነው። ተጐጂው ቢሞት ስለ ቀረባቸው መተዳደሪያ የሚጠይቁት ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው። የሰፊው ወገን ቂም በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ሆኖም በቍጥር 3347 ልማድን በጠቅላላው የሻረው ሕግ በቍጥር 2117 አንዲት በር ትቶለታል። ስለ ኅሊና ጕዳት ካሣ ሲፈርዱ፥ ቤተ ሰቡን ማን እንደሚወክልና ገንዘቡ ስንት እንደሚሆን ለመወሰን ዳኞች የአገሩን ልማድ ይመለከታሉ። ነገር ግን ከዚያው በፊት ያለው አንቀጽ ካሣው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካን ዶላር ሁለት ብር ተኩል ያህል ነበርና፥ 1,000 ብር 400 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። የብር ምንዛሪ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። በሩ አልተዘጋም፤ የሚያልፍበት ነገር ግን አልቋል።

በ2000 ዓ.ም. የታወጀው የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ ሌላ ከፋይ አመጣ። መድን ያንዱን ዕዳ በብዙዎች ላይ ስለሚያካፍል የማግን ማኅበር ይመስላል። ልዩነቱ የመድን ከፋዮች እርስ በርስ የማይተዋወቁ መሆናቸው፥ ከመካከላቸውም ወደ ሟች ቤት ሄዶ ዕርቅ የሚለምን አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ የተጻፈው ሕግ ጕዳትን ይክሳል፤ ልማዱ ሰላምን ይገዛል። ፍርድ ቤት ካሣ ከወሰነ በኋላ ወገኖች ዳግመኛ በሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ ያየ ተመራማሪ፥ ይህን ሕግን እንደ መናቅ አይቍጠረው፤ ሕጉ ባዶ የተወውን ስፍራ መሙላት ነውና።