የቀዶ ሕክምና መለማመጃ ሣጥን
ሣጥን፣ የስልክ ካሜራ፣ ረጃጅም መቆንጠጫዎች፣ ፊኛ

ከሩቅ ሲያዩት ተራ ዕቃ መያዣ ይመስላል፤ ለሰልጣኝ ሐኪም ግን የታካሚ ሆድ ነው። መቆንጠጫዎቹ በቀዳዳዎቹ ይገባሉ፣ ዓይን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ይቀራል። እጅ ወደ ግራ ሲሄድ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጠፍጣፋው ምስልም ቅርቡን ከሩቁ አይለይም። ላፓሮስኮፒን፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና፣ ለጀማሪ ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ በሰው ሆድ ላይ የሚለመድ ነገር አይደለም።

በዚህ ዓይነት ሣጥን የሚካሄደውን ኦል-ሴፍ የተባለ ስልጠና የወላይታው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ የካሜሩኑ ምቢንጎ ባፕቲስት ሆስፒታልና የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በጋራ አዘጋጅተውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው ዓለም አቀፍ የቀዶ ሕክምና ስልጠና ውድድርም ተሳትፏል። የመጀመሪያው ትምህርት ከማህፀን ውጪ ስለሚፈጠር እርግዝና ነው። ሰልጣኙ በኢንተርኔት ያጠናል፤ ሣጥኑን በአካባቢው ከሚገኝ ቁሳቁስ ይሠራል፤ ልምምዱን በቪዲዮ ቀርጾም ያስገመግማል። ርካሽነቱን እንደ ጉድለት የሚያይ ይኖር ይሆናል፤ ለእኛ ግን ዋናው ብልሃት እሱ ነው።

በእንዲህ ያለ እርግዝና የፈነዳ የማህፀን ቱቦ በሆድ ውስጥ ደም ያፈስሳል፤ ከዲምቱ ከተማ ሶዶ ድረስ ለምትጓዝ እናት ጊዜ አይሰጥም። ሣጥኑ ውስጥ የሚታየው ትንሹ ፊኛ ያንን ቱቦ ይወክላል።